የለስላሳው ማርሽ ዕዳ በማን ይከፈላል?

የአውቶሞቢል ገዢ ከሚያየው ይልቅ የማያየው ይበዛል። ቀለሙን ያያል፣ ወንበሩን ይዳስሳል፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። በመጨረሻም መኪናውን አንድ ዙር ይነዳና አውቶማቲክ ካምቢዮው ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ምንም ካልተሰማው፣ ደላላው አስቀድሞ እንደነገረው "እንደ ቅቤ ነው" ብሎ ይረካል።

ይህ ለስላሳነት ግን በነፃ የተገኘ አይደለም። ዋጋ አለው። ዋጋው የሚከፈለውም መኪናው አዲስ ሆኖ በተሸጠበት ዕለት ሳይሆን ዓመታት ቆይቶ ነው። ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን በአዲስነቱ የገዛው ሰው አይደለም።

በአሜሪካ የካምቢዮውን የኤሌክትሮኒክስ ትእዛዝ እየለወጡ ማርሹ ጠንከርና ፈጠን ብሎ እንዲገባ ማድረግ ከተለመደ 3 አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ፍጥነት የሚወዱ ወጣቶች ጨዋታ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የሁለተኛ እጅ ዕቃ ገበያ ዋነኛ ጥያቄ የተቋጠረበት ነው፤ ምቾቱን ማን ገዛው? ሂሳቡ ለማን ተላለፈ? አብዛኛው አውቶሞቢል በሌላ ሰው እጅ አርጅቶ በሚገባባት ኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

የዘይት ግፊትና የሙቀት ሂሳብ

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ "ሃይድራ-ማቲክ" ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ተገጥሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም።

በአውቶማቲክ መኪና ሹፌሩ በግራ እግሩ የሚረግጠው ፍሪሲዮን የለም። በምትኩ በካምቢዮው ሆድ ውስጥ ዘይት የጠጡ፣ እንደ ሰሃን የተደራረቡ ፍሪሲዮኖችና አቅፈው የሚይዙ ቀበቶዎች አሉ። ማርሽ ሲለወጥ አንደኛው ይለቃል፣ ሌላኛው ይጨብጣል። የሚያስጨብጠው የዘይት ግፊት ነው። ግፊቱ ከበረታ ፍሪሲዮኑ ወዲያው ይይዛል፤ ሹፌሩም ከኋላው ገፋ ያደረገው ነገር ያለ ይመስለዋል። መካኒኮች "ማርሹ ይመታል" የሚሉት ይህንን ነው። ግፊቱ ከላላ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ለጥቂት ቅጽበት እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ይይዛል። ሹፌሩ ምንም አይሰማውም።

የመንሸራተቱ ትርፍ ምቾት ነው፤ ኪሳራው ሙቀት ነው። ሁለት መዳፎቹን አጥብቆ ያፋተገ ሰው ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በአንድ የማርሽ ለውጥ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በሞተሩ ጉልበት፣ በመንሸራተቱ ፍጥነትና መንሸራተቱ በሚቆይበት ጊዜ ይወሰናል። ሌላው ሳይለወጥ ጊዜው በግማሽ ቢቀንስ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አንዱ ለውጥ ከሰከንድ በታች ስለሚያልቅ ምንም አይመስልም። ነገር ግን በከተማ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆም፣ ሄድ እያለ የሚውል መኪና ይህንኑ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል። ሙቀቱ ዘይቱን ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ዘይት ፍሪሲዮኑን ይበላል፣ የተበላ ፍሪሲዮን ደግሞ ይበልጥ ይንሸራተታል።

ውሳኔው ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር

በቀድሞዎቹ ካምቢዮዎች የዘይቱን ግፊት የሚወስኑት ከቤንዚን መርገጫው ጋር የተያያዘ ሽቦ፣ ሞላዎችና ቫልቮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥራው ደረጃ በደረጃ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ነው። ሲጀመር "700አር4" ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 "4ኤል60" ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስ ሆኖ "ኢ" የምትል ፊደል ተጨመረችለትና "4ኤል60-ኢ" ሆነ። በካፕሪስ፣ በካማሮ፣ በኮርቬት፣ በፒክአፖችና በሰበርባን ላይ ተገጥሞ ስለተሠራጨ፣ ስለ ጠንካራ ማርሽ በሚነሳ ክርክር ስሙ ሳይጠራ አይቀርም።

በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ግፊቱን የሚቆጣጠር "ሶሌኖይድ" የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ አለ። ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 1.1 አምፔር የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይልክለታል። አሠራሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተገላቢጦሽ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግፊቱ ከፍተኛው ጣሪያ ላይ ይደርሳል።

መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ካምቢዮው በ3ኛ ማርሽ ላይ በከፍተኛ ግፊት ተይዞ ባለቤቱን እስከ ጋራዥ እንዲያደርሰው ነው። በሌላ አነጋገር አምራቹ "የካምቢዮውን ነፍስ ለማዳን ምን ይደረግ?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ "ግፊቱ ይጨመር፣ ቢመታም ይምታ" የሚል ነው።

ሁለተኛም ማስረጃ አለ። ብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ተጎታች ሲስቡ ወይም ከባድ ጭነት ሲይዙ የሚጫን አንድ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ሲጫን ማርሹ ዘግየት ብሎ፣ ነገር ግን ጠንከር ብሎ ይለወጣል። ዓላማው መንሸራተትንና ሙቀትን መቀነስ ነው። ስለዚህ ጠንካራው ማርሽ የጋራዥ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በፋብሪካው ኮምፒውተር ውስጥም አለ፤ ለችግር ቀንና ለጭነት ቀን ተቀምጧል። በሌሎቹ ቀናት ሚዛኑ ወደ ምቾት እንዲያደላ ተደርጓል።

ምቾቱ ለማን ተሸጠ?

ለመሆኑ አምራቹ ለካምቢዮው የሚበጀውን እያወቀ ለምን በለስላሳው በኩል ያደላል? መልሱ ከምሕንድስና ይልቅ በገበያ ውስጥ ይገኛል።

በአሜሪካ የአዲስ መኪና ጥራት ከሚለካባቸው ታዋቂ ጥናቶች አንዱ የጄ ዲ ፓወር ሲሆን፣ የሚጠይቀው አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ያጋጠማቸውን ችግር ነው። በ90 ቀን ውስጥ የሚመታ ማርሽ ቅሬታ ሆኖ ይመዘገባል። በ9ኛው ዓመት የሚቃጠል ፍሪሲዮን ግን በዚያ መጠይቅ ላይ ቦታ የለውም። የዋስትናውም ነገር እንዲሁ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለሼቭሮሌት መኪኖቹ ሞተርና ካምቢዮ የሚሰጠው ዋስትና እ.ኤ.አ. ከ2016 ሞዴል ጀምሮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። በሌላ በኩል ኤስ ኤንድ ፒ ግሎባል ሞቢሊቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መረጃ በአሜሪካ መንገድ ላይ ያሉ መኪኖች አማካይ ዕድሜ 12.8 ዓመት ደርሷል። ከ5 እስከ 12.8 ባለው ልዩነት ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት አምራቹን በቀጥታ አያስከፍለውም። የሚያስከፍለው በዚያን ጊዜ ሊብሬውን የያዘውን ሰው ነው።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህንን ጥቅሙን የሚያገኘውና ወጪውን የሚሸከመው ሰው የተለያዩበት ገበያ ይሉታል። ሁለተኛው ገዢ ስለ ካምቢዮው የቀረ ዕድሜ ቢያውቅ ኖሮ ዋጋውን ቀንሶ ይገዛ ነበር፤ ይህም መልሶ የመጀመሪያውን ገዢ፣ በእሱም በኩል አምራቹን ይጫን ነበር። ነገር ግን አያውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ በሆነው ጽሑፍ ያስረዱት ይህንኑ ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ጥሩውም መጥፎውም መኪና በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ውሎ አድሮም ጥሩው ከገበያ ይወጣል።

ለአምራቾቹ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ለስላሳነት ሁሉ ጉዳት አይደለም። የሚመታ ማርሽ ክሮቼራውን፣ ዲፈረንሻሉንና የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ያናጋል። በረዶ በበዛበት አገር ድንገተኛ ግፊት ጎማን ሊያንሸራትት ይችላል። ኮምፒውተሩም ማርሹ በሚለወጥበት ቅጽበት የሞተሩን ጉልበት ለአፍታ እየቀነሰ ምቾትና ዕድሜን ለማስታረቅ ይሞክራል። ይህ በሚገባ በተሠራበት መኪና ለስላሳውም ማርሽ ዕድሜ ይኖረዋል። ክርክሩ ያለው ሚዛኑ የተቆረጠው በማን ሚዛን ነው በሚለው ላይ ነው።

ሦስት የማጠንከሪያ መንገዶች

ባለቤቶች ማርሻቸውን ለማጠንከር የሚጠቀሙባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። ዋጋቸውም አደጋቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ካምቢዮውን ከሥሩ ከፍቶ በቫልቭ ቦዲው ውስጥ ያሉ ሞላዎችን መለወጥና የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎችን በመጠኑ ማስፋት ነው። ለዚህ የሚሆኑ ዕቃዎች ተሟልተው በጥቅል ይሸጣሉ። በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው ለፎርድ ካምቢዮዎች የተዘጋጀውና "ጄ-ሞድ" በሚል ስም የሚታወቀው አሠራር ነው። ይህን ያሰናዳው የውጭ መካኒክ ሳይሆን የራሱ የፎርድ የካምቢዮ መሐንዲስ ነበር። አሠራሩ የሚመለከታቸው ካምቢዮዎች የተገጠሙት እንደ ክራውን ቪክቶሪያ ባሉ መኪኖች ላይ ሲሆን፣ ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ2011 ምርቷ እስኪቆም ድረስ የአሜሪካ ፖሊስና ታክሲ ዋነኛ መኪና ነበረች። ከፖሊስ አገልግሎት የወጡት በጨረታ ተሸጠው ታክሲ ይሆኑ ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ የታክሲ ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለነበሩ፣ የክራውን ቪክቶሪያ ካምቢዮ ጤንነት ለብዙ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ለታክሲ ነጂ የማርሽ ምቾት የተሳፋሪው ነው፤ ካምቢዮው ሲወርድ ሥራ የሚፈታው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከሁሉ ርካሹ ነው። ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ሶሌኖይድ በሚሄደው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚቀንስ "ሬዚስተር" የተባለ ትንሽ ዕቃ ይቀጠላል። ኤሌክትሪኩ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል፤ ማርሹም ይጠነክራል። ዕቃው ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም። ችግሩ ለሁሉም ሁኔታ አንድ ዓይነት መልስ መስጠቱ ነው። መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድም፣ ዳገት ሲወጣም ግፊቱ ያለ ልክ ይጨመራል። ኮምፒውተሩ ያዘዘውና የደረሰው ኤሌክትሪክ እንዳልተመጣጠነ ሲያውቅ ደግሞ ስሕተት መዝግቦ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል፤ ሶሌኖይዱንም ዘግቶ ግፊቱን ከነጭራሹ ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ይችላል። በ4ኤል60-ኢ ውስጥ "ሰን ሼል" የሚባል ደካማ ብረት አለ። እሱ ከተሰበረ መኪናው 2ኛና 4ኛ ማርሽ እንዲሁም የኋላ ማርሽ ያጣል። ባለሙያዎች ያለ ልክ የሚመታ ማርሽ ይህን ብረት እንደሚያስጨንቀው ይገልጻሉ። ፍሪሲዮን ለማዳን ሲባል ብረት ማሰበር ማለት ነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም መለወጥ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሞተር ጉልበት ምን ያህል ግፊት እንደሚያስፈልግ፣ ማርሹ በስንት ፍጥነት እንደሚለወጥ፣ ለውጡ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ በዚያ ቅጽበት የሞተሩ ጉልበት ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስኑ ሠንጠረዦች አሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግፊቱን በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ካልተስማማውም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ከሦስቱ የተሻለውና የሚለካው ይህ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ ግን ከሬዚስተሩ የማይሻል ጥፋት ያደርሳል። ጉልበት የሚቀንሰውን ትእዛዝ አጥፍቶ ግፊቱን ብቻ የጨመረ ሰው ለካምቢዮው ያተረፈለት ነገር የለም።

በዘመናዊ መኪኖች ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ የፈጀውን ጊዜ እየለካ ግፊቱን ራሱ ያስተካክላል። ሞላ ብቻ ተለውጦ ለኮምፒውተሩ ካልተነገረው፣ አዲሱን ጥንካሬ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሊያለሳልሰው ይሞክራል። ባለቤቱ የከፈለበትን ሥራ የራሱ መኪና ያፈርስበታል።

የሚመታው ማርሽ ሲታመም

እስካሁን የተባለው ሆን ተብሎ ስለተጠናከረ ማርሽ ነው። የሁለተኛ እጅ ገዢን ግራ የሚያጋባው ግን ጠንካራ ማርሽ የበሽታም ምልክት መሆኑ ነው።

በዚያው 4ኤል60-ኢ ላይ መካኒኮች ደጋግመው የሚያውቁት አንድ ብልሽት አለ። በቫልቭ ቦዲው ውስጥ የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ የሚቆጣጠረው ትንሽ ቫልቭ ወዲያ ወዲህ ሲል የተቀመጠበትን ቀዳዳ ይበላዋል። ዘይት በዚያ ያመልጣል፣ መቆለፊያው ይንሸራተታል። ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን ሲደርስበት "ፒ1870" የሚል ስሕተት ይመዘግብና የተረፈውን ለማዳን ግፊቱን ወደ ላይ ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ ማርሹ መምታት ይጀምራል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ በደንብ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ የ10 ደቂቃ የሙከራ ጉዞ አይገልጠውም። በብዙ መኪኖች ደግሞ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ ማሰር የተመዘገበውን ስሕተትና ኮምፒውተሩ የተማረውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ሻጩ ይህንን ካወቀ ገዢው የሚያገኘው ለጊዜው የማያስታውስ ኮምፒውተር ነው።

እንግዲህ አንድ ዓይነት ስሜት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል። ማርሹ በባለሙያ ተስተካክሏል፤ ወይም በርካሽ ሬዚስተር ተገዷል፤ ወይም ካምቢዮው በሽታውን እየተከላከለ ነው። የመጀመሪያው የመኪናውን ዋጋ ይጨምራል። ሦስተኛው ከዋጋው ላይ የአንድ ካምቢዮ ጥገና ሊያስቀንስ ይገባል። ወረቀት በሌለበት ገበያ ግን ሦስቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።

ዘይትም የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል መኪኖቹ ላይ "ኡልትራድራይቭ" የተባለውን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ሲያወጣ፣ ኮምፒውተሩ የተስተካከለው ለአንድ ለተለየ የዘይት ዓይነት ነበር። የአምራቹ የራሱ መመሪያ ግን ያ ዘይት ከሌለ የተለመደውን መጠቀም እንደሚቻል ይገልጽ ስለነበር፣ ብዙዎች በተሳሳተ ዘይት ካምቢዮአቸውን አበላሹ፤ የካምቢዮውም ስም ጠፋ። የገበያው ትምህርት ግልጽ ነው። ትክክለኛ ዘይት ሳይሞሉ ፕሮግራም መለወጥ መሠረቱ የተናጋ ቤት ቀለም መቀባት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ ባለቤቱ መኪናውን የማሻሻል መብቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ የተለቀቀም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ "የሌላ ሰው ዕቃ ገጥመሃል" በሚል ብቻ ዋስትናውን እንዳይሰርዝ ይከለክላል፤ የተገጠመው ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የቅጂ መብት ሕጉ ለባለቤቶች በር ከፈተ። ለምርመራ፣ ለጥገና ወይም ለሕጋዊ ማሻሻያ ሲባል የመኪናን ኮምፒውተር መቆለፊያ ማለፍ ተፈቀደ። "ሕጋዊ" የምትለው ቃል ግን ክብደት አላት። የጭስ መቆጣጠሪያን የሚነካ ለውጥ በአየር ንጽሕና ሕጉ የተከለከለ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር መብትና ኃላፊነት አብረው መሄዳቸው ነው። ካምቢዮውን ያጠናከረ ሰው ለውጡን የመደበቅ መብት አልተሰጠውም። በተግባር ግን ያ ሰው መኪናውን ሲሸጥ "ይህን ነክቻለሁ" ብሎ የሚናገርበት ግዴታ ብዙውን ጊዜ የለም። ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ገበያ የሚሰጠው ትርጉም

የኢትዮጵያ የአውቶሞቢል ገበያ ለዘመናት የኖረው በሁለተኛው ገዢ፣ አንዳንዴም በሦስተኛውና በአራተኛው ገዢ ላይ ነው። ከጃፓንና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት ያገለገሉ ቶዮታዎች ምቾታቸውን ሌላ ቦታ አውለው ነው የመጡት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ ስላለው ይህ ችግር አይነካውም። ነገር ግን መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን መኪኖች በአንድ ጀምበር አይጠፉም። ምትካቸው ሲጠብ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ የጥገናቸውም ዋጋ ይከብዳል።

በዚህ ሁኔታ "ማርሹን አጠንክርልኝ" የሚለው ጥያቄ ወደ ጋራዦች መምጣቱ አይቀርም። ሁሉም መኪና ግን የሚመልሰው መልስ አንድ አይደለም። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነበረው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተመረተው ሁለተኛ ትውልድ ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሚሠሩት "ሲቪቲ" በሚባለው፣ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሌጆች መካከል በሚጨብጥ ካምቢዮ ነው። ይህ ደረጃ ያለው ማርሽ ስለሌለው የሚጠነክር ነገርም የለውም። የግፊቱን ልክ ያለ ዕውቀት የነካ ሰው የሚያተርፈው ቀበቶውን መጉዳት ነው። ማርሹ ያላስቸገረውን ሰው ደግሞ ከፕሮግራሙ በፊት ትክክለኛው ዘይት በጊዜው መቀየሩና የዘይት ማቀዝቀዣው ንጹሕ መሆኑ ይበልጥ ይጠቅመዋል። መጥኖ መደቆስ ከድስቱ በፊት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን መረጃ ነው። በአገራችን የመኪና ሽያጭ ውል ላይ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥርና ዋጋው ይጻፋል። ካምቢዮው ተከፍቶ ያውቃል ወይ፣ ኮምፒውተሩ ተነክቷል ወይ፣ መጨረሻ የተሞላው ምን ዓይነት ዘይት ነው የሚለው ግን አይጻፍም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንደሆነ ደንግጓል። ይሁን እንጂ በውሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ ገዢው ጉድለቱ ከሽያጩ በፊት የነበረ መሆኑን ለማስረዳት የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ሦስት መስመር ተጨማሪ ጽሑፍ ለሻጭም ለገዢም ዋጋ አያስከፍልም፤ ለደላላው ግን "እንደ ቅቤ ነው" ከሚለው ቃል የበለጠ ሥራ ይጨምርበታል።

ጋራዦችም ድርሻ አላቸው። ካምቢዮ የነካ ጋራዥ ምን እንደነካ በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ በደንብ የሠራው ሥራ የመኪናውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ በሬዚስተር የገፋውም ይታወቃል። በጥሩ ሥራና በመጥፎ ሥራ መካከል የዋጋ ልዩነት የማይታይበት ገበያ ጥሩ መካኒክን አያበረታታም። ገዢውም ከ10 ደቂቃ ጉዞ ይልቅ ዘይቱ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ቢነዳ፣ የዘይቱን ቀለምና ሽታ ቢያይ፣ ኮምፒውተሩን ቢያስነብብና የተመዘገበ ነገር ጨርሶ የሌለበት ኮምፒውተር ሲያጋጥመው "ባትሪው መቼ ተነቀለ?" ብሎ ቢጠይቅ ኪሱን ያድናል።

የመኪና አምራቾች የምቾቱን ሚዛን ለመጀመሪያው ገዢ መቁረጣቸው አይቀርም፤ የሚከፍላቸው እሱ ነውና። ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ አንድ ያገለገለ መኪና የገዛ ሠራተኛ፣ ወይም ከብድር ጋር ተያይዞ ራይድ የሚሠራ ወጣት ግን ያንን ሚዛን የመመርመር መብት አለው። ማርሹን ያጠንክረው ወይም እንዳለ ይተወው የራሱ ውሳኔ ነው። የገዛው ካምቢዮ ምን እንደተደረገበት ሳይነገረው የሌላውን ሰው ምቾት ዕዳ እንዲከፍል መደረጉ ግን ንግድ ሊባል አይገባውም።